ቀንጥስ እንጂ አትቁረጥ



የሰኔ እትም ስለሆነ እንደ ልማዳችን በዚህ ዓምድ ለዕረፍቱ ወራት የሚሆን የቤት ሥራ እንሰጣለን። ዘንድሮ የሚሞላ ወረቀት የለም። የቤት ሥራው ቲማቲም ነው። ጓሮ ያለው በጓሮው፣ ፒ-ፓች ያለው በመደቡ፣ አፓርታማ የሚኖር በረንዳው ላይ በባልዲ። ገና ያልተከላችሁ ካላችሁ በዚህ ሳምንት ችግኝ ገዝታችሁ ብትተክሉ አሁንም ይደርሳል፤ ዘር ለመዝራት ግን ጊዜው አልፏል።

ለምን ቲማቲም? እስቲ ለአንድ ሳምንት ለልጃችሁ በአማርኛ የምትናገሩትን ራሳችሁ ስሙት። አብዛኛው «ና»፣ «ብላ»፣ «ተው»፣ «ጫማህን አድርግ»፣ «ስልኩን አስቀምጥ» ነው። አስር አስራ አምስት ግሥ ቢሆን ነው፤ እሱም ልጁ ማድረግ የማይፈልገውን የሚያዝ። ሌላው ጨዋታ በሙሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን አማርኛ ለልጁ የቁጣና የትእዛዝ ቋንቋ ሆኖ ይቀራል። ቲማቲም መንከባከብ ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚሠራ፣ እጅ የሚያቆሽሽ፣ ልጅ ራሱ «እኔ ልሥራው» የሚለው ሥራ ነው። የራሱ ቃላት አሉት፤ በእነዚህ ቃላት ደግሞ አያቶች ከሁላችንም ይበልጣሉ።

ብዙዎቻችን ቤት በዚህ ወቅት ከአገር ቤት የመጡ እናት ወይም አባት አሉ። ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላሉ። ልጁ ሲገባ «ደህና ዋልክ የኔ ጌታ?» ይላሉ፤ «ደህና» ይላል፤ ከዚያ ዝም። ፍቅር ጠፍቶ አይደለም። ሁለቱን የሚያነጋግር ጉዳይ ስለሌለ ነው። አንዲት የትምህርት ቤታችን እናት አምና የነገሩኝ ትዝ ይለኛል፦ አማቻቸው ከደሴ መጥተው የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ይዘው ቲማቲሙ ዘንድ ወጡ። ልጅቷ መቀስ ይዛለች። አያት «ቀንጥሺው እንጂ አትቁረጪው» ይላሉ። ልጅቷ ደግሞ «መቁረጥ» የሚለውን ብቻ ነው የምታውቀው፤ ግራ ገባት። አያት መቀሱን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱና በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ቀጭ አድርገው አሳዩዋት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ በየጠዋቱ «እማማ፣ ይሄን ልቀንጥሰው?» እያለች ትጠይቅ ጀመር። በእንግሊዝኛ መጠየቅ አትችልም፤ መልስ የምታገኘው በአማርኛ ከጠየቀች ብቻ ነው።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። ቀነጠሰ ማለት ለጋ ጫፍን በጣት መቁረጥ ነው። መቀስም ቢላም አይገባበትም።  መለመለ የግንዱን ጎን ቅርንጫፎች አንስቶ ግንዱን ማራቆት ነው፤ ሰው ለሥራ ሲመረጥ «ምልመላ» የምንለውም ከዚሁ ነው። ከረከመ እንደ ፀጉር ወይም እንደ አጥር ዙሪያውን ማስተካከል ነው። ሸመጠጠ ቅርንጫፉን ይዞ ቅጠሉን በእጅ ጠርጎ ማውረድ፤ ይሄ ለቲማቲም ክልክል ነው፤ ልጆች ግን ቃሉን ይወዱታል። ከጅማ ወይም ከሲዳማ አካባቢ የሆናችሁ ቡና መጎንደልን ታውቃላችሁ፤ ያረጀውን ግንድ ዝቅ አድርጎ ቆርጦ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ነው። ለቲማቲም አይሆንም፣ ግን አያት ካሉ አስወሩአቸው። የእርሻ ባለሙያዎች ለሁሉም በጥቅሉ «መግረዝ» ይላሉ። ትክክለኛ ቃል ነው፤ ሕፃናት ግን ቃሉን በሌላ ትርጉሙ ሰምተውት ሊሆን ስለሚችል ሳቅ ቢመጣ አትደንግጡ። ሳቁና እለፉ።

ልብ በሉ፣ «ቀነጠሰ» ውስጥ ቀ አለ፣ ጠ አለ። እዚህ የሚያድጉ ልጆች ምላስ ላይ የሚያስቸግሩት ድምፆች ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው። ክፍል ውስጥ «ቀ በል፣ ጠ በል» ስንላቸው ይሰለቻሉ። እዚህ ጋ ግን ቃሉ በአንድ ጠዋት ሃያ ጊዜ ይመላለሳል፣ ማንም ልምምድ ነው ብሎ አያስበውም። «ጠወለገ»፣ «አጠጣ»፣ «ቅጠል»፣ «ቅርንጫፍ» ቢጨመሩበት ደግሞ ትምህርቱ ሞላ ማለት ነው።

ወንድምና እህት አብረው ከሠሩ ሌላም ነገር ታገኛላችሁ። ለወንዱ «ቀንጥስ»፣ ለሴቷ «ቀንጥሺ»። «ያዝ»፣ «ያዢ»። «አጠጣ»፣ «አጠጪ»። «መልምል»፣ «መልምይ»። የመጨረሻው ፊደል እንዴት እንደሚለዋወጥ አያችሁ? ይሄን በሠንጠረዥ አስተምረን ያጠኑ ልጆች ሳምንት ሳይሞላው ይረሱታል። ትእዛዙን በተራ በተራ ለሁለት ልጅ ስትሰጡ ግን ጆሯቸው ይለምዳል። አንድ ልጅ ብቻ ካላችሁ እሱ እናንተን ይዘዛችሁ፤ ለአባቱ «ያዝ»፣ ለእናቱ «ያዢ» ይበል። ለአያት ሲሆን ደግሞ «ይያዙ»፣ «ይቀንጥሱ»። አንዳንድ ቤት ለአያትም «አንቺ» ይባላል፤ የቤታችሁን ልማድ ያዙ።

አሁን ወደ ተክሉ እንሂድ።

ችግኝ ስትገዙ ካርዱ ላይ «ዲተርሚኔት» ወይም «ኢንዲተርሚኔት» የሚል ጽሑፍ አለ። ዋናው ነገር እሱ ነው። ዲተርሚኔት የሚባለው ቁጥቋጦ ሆኖ የተወሰነ ቁመት ላይ የሚቆም፣ ፍሬውንም በአንድ ሰሞን የሚያወርድ ነው። ሮማ እንዲህ ነው። እሱን አትንኩት፤ የጎን ቡቃያውን ከቀነጠሳችሁ የቀነጠሳችሁት ፍሬውን ነው። አፈር የሚነካውን የታች ቅጠል ብቻ አንሱለት፣ በቃ። ኢንዲተርሚኔት የሚባለው ደግሞ ውርጭ እስኪገድለው ድረስ ሽቅብ ማደጉን አያቆምም። ሰንጎልድ የሚባለው ብርቱካንማ ትንሹ ቲማቲም፣ ኧርሊ ገርልም፣ ስቱፒስም ከዚህ ወገን ናቸው። የሚቀነጠሰው ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ከአያቶች ጋር ጭቅጭቅ ሊነሳ ይችላል። «የሚያድገውን ነገር ለምን ትቆርጡታላችሁ? ግፍ ነው!» የሚሉ እናቶች አሉ። ካዩት ተነስተው ነውና እውነታቸውን ነው። አገር ቤት ሮማን የመሳሰለ አጭር ዝርያ በብዛት ስለሚተከል መቀንጠስ አያስፈልገውም፤ ፀሐዩም ረጅም ነው። እዚህ ግን ሙቀቱ የሚቆየው ለሦስት ወር ያህል ነው። ተክሉ ሃያ ቅርንጫፍ ካወጣ ቅጠል እያሳደገ ኦገስት ያልቅበታል፤ መቅላት የነበረበት ፍሬ በሴፕቴምበር ዝናብ አረንጓዴ ሆኖ ይበሰብሳል። ስለዚህ እናስመርጠዋለን። ይሄን ለአያት ማስረዳት ራሱ ለልጁ ጥሩ የአማርኛ ፈተና ነው፤ እናንተ ጣልቃ አትግቡ።

የሚቀነጠሰውን ለማግኘት ከታች ጀምራችሁ ግንዱን ወደ ላይ ተከተሉት። ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበት ቦታ ብብት ይመስላል። እዚያ ብብት ውስጥ ትንሽ ቡቃያ ትወጣለች፤ አሜሪካኖቹ «ሰከር» የሚሏት እሷን ነው። ለልጁ የራሱን ክንድ ከፍ አድርጋችሁ «ይሄ ብብት ነው፣ ይሄ ክንድ ነው፣ ይሄ ግንድ ነው» ብላችሁ አሳዩት፤ ኩርኩር ማድረግም ይፈቀዳል። ከጣት እስካልረዘመች ድረስ ወዲህና ወዲያ ስታወዛውዟት ቀጭ ብላ ትወጣለች። እርሳስ ካከለች ግን ግንዱን ስለምትልጥ ንጹሕ መቀስ ተጠቀሙ፤ ያን ጊዜ «ቁረጥ» ማለት ይቻላል። አበባው ግን ከብብት አይወጣም፤ በቅጠልና በቅጠል መካከል በቀጥታ ከግንዱ ነው የሚወጣው። ልጆች መጀመሪያ አካባቢ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ስለሆነ ከመቀንጠሱ በፊት ልጁ በጣቱ ነክቶ «ይሄ ቡቃያ ነው» ወይም «ይሄ አበባ ነው» ይበል።

ሁሉንም አትጨርሱ። ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ ልክ በታች ያለችውን አንዷን ቡቃያ ብትተዉአት ጠንካራ ሁለተኛ ግንድ ትሆናለች፤ ለሲያትል ሁለት ግንድ ጥሩ ነው። ከአበባው በታች ያሉትን ቅጠሎች ተክሉ እያደገ ሲሄድ ቀስ እያላችሁ መልምሉ፣ ምክንያቱም ውሃ ስታጠጡ አፈር የሚረጭባቸው እነሱ ላይ ነው፤ በሽታውም ከዚያ ይነሳል። ግን በአንድ ቀን ከተክሉ ሢሶ በላይ አታንሱ። ቅጠል ምግብ የሚሠራ ነው፣ ጥላም ነው። በጁን 28 ቀን 2021 ሲያትል 108 ዲግሪ ፋራናይት የደረሰበትን ቀን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ባለ ፀሐይ የተራቆተ ፍሬ ቆዳው ነጥቶ ይቃጠላል።

ሥራውን ጠዋት፣ ቅጠሉ ደርቆ እያለ ሥሩ። እርጥብ ሳለ መነካካት በሽታ ያዛምታል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ መጀመሪያ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከትምባሆ ወደ ቲማቲም የሚሄድ ቫይረስ አለ። ሲጨርሱ የልጆቹ ጣት አረንጓዴ፣ ከዚያም ጥቁር ይሆናል። የቲማቲም ቅጠል ዘይት ነው፣ አይጎዳም፤ ለእጅ ማስታጠቢያው ውሃ ግን ነጭ ፎጣ አታቅርቡ።

የተቀነጠሰችውን ቡቃያ ሁሉ አትጣሉ። አንዷን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀምጧት። ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጫጭ ሥር ታወጣለች። አሁን ተተክላ ለማፍራት መድረሷን እጠራጠራለሁ፤ ግን ልጁ በየቀኑ እያየ «ዛሬ ሥር አወጣች»፣ «ትናንት አላወጣችም» ይላል። «ለምንድነው ቲማቲም ሴት የሆነችው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካጋጠማችሁ ደግ ነው። በአማርኛ ትንሽና የምንወደውን ነገር በሴት አንቀጽ እንጠራለን። ያቺ ቡቃያ አድጋ ሁለት ሜትር ስትሆን «እሱ» ትሆናለች።

ውሃን በተመለከተ አንድ የቃል ጣጣ አለ። ለልጆቻችን «ክረምት» የዕረፍት ወር ነው ብለን እናስተምራለን፤ ክረምት ማለት ዝናብ ነውም እንላለን። እዚህ ግን በዕረፍቱ ወር ዝናብ የለም። ሲያትል ዝናባም ናት ቢባልም በጁላይ ወር የሚዘንበው በአማካይ ከአንድ ኢንች በታች ነው። ካፊያውም ይጠፋል። አገር ቤት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቲማቲም በብዛት የሚመረተው በመቂ፣ በባቱና በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ፣ በበጋ ነው። በክረምት ዝናቡ በሽታ ስለሚያመጣበት ገበያ ላይ ይወደዳል። ስለዚህ እዚህ በሐምሌና በነሐሴ እናንተ ናችሁ ዝናቡ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ግንዱ ሥር፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ እስኪሰርግ አጠጡ፤ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ። ባልዲ ውስጥ ያለ ግን በሙቀት ጊዜ በየቀኑ ይፈልጋል። አንድ ሳምንት አድርቃችሁ በሚቀጥለው ብታጥለቀልቁት ተክሉ ካልሲየሙን ወደ ፍሬው በደንብ አያደርስም፣ የፍሬው ግርጌ ይጠቁራል። ልጆች የፍሬውን ግርጌ ምን ብለው እንደሚጠሩት እዚህ አልጽፍም። ሥሩ ላይ ገለባ ወይም የደረቀ ሣር ጉዝጓዝ አድርጉበት፤ እርጥበቱን ይይዝለታል። ጉዝጓዝ ሲባል ልጁ የቡናውን ቄጠማ ያስታውስ ይሆናል፤ ነገሩ ያው ነው።

እግረ መንገዳችሁን ሰዋስው ይገባል። ተክሉ ጠጣ፣ አንተ አጠጣኸው። ተክሉ አደገ፣ አንቺ አሳደግሽው። አፈሩ ደረቀ፣ ፀሐይ አደረቀው። ልጆቻችን «ውሃ ሰጠሁት» ይላሉ፤ በእንግሊዝኛው ነው የሚያስቡት። ስህተት ነው ብላችሁ አታስቁሙአቸው። «አጠጣኸው? ጎበዝ» ብላችሁ ትክክለኛውን መልሱላቸውና ሥራው ይቀጥል።

ተክሉ ሲረዝም ችካል ይፈልጋል። ጨርቅ ቀድዳችሁ እንደ ስምንት ቁጥር አጣምራችሁ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ጥብቅ ካደረጋችሁት ግንዱ ሲወፍር ይታነቃል። «አጥብቅ»፣ «አላላ»፣ «ደግፈው»፣ «ሊወድቅ ነው!» እነዚህ ቃላት በዚህ ሥራ ካልሆነ በየት ይገኛሉ?

ቀኑን ለማስታወስ በኛ አቆጣጠር ያዙት፤ ለሲያትል የተሠራ ነው የሚመስለው። ችግኝ ወደ ውጭ የሚወጣው ግንቦት ልደታ አልፎ፣ ሌሊቱ ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በታች መውረዱን ሲያቆም ነው። በሰኔ መደገፍና መጀመሪያውን መቀንጠስ። በሐምሌ በየሳምንቱ። ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7፣ ፍልሰታ ሲገባ የዋናውን ግንድ ጫፍ ቀንጥሱ። አዎ፣ አናቱን። አበባ ፍሬ ይዞ እስኪቀላ ድረስ ከ40 እስከ 60 ቀን ይፈጅበታል፤ ከነሐሴ በኋላ የሚያብበው አይደርስምና ተክሉ ጉልበቱን ለያዘው ፍሬ ያውለው። መጀመሪያ የተተከለው ደግሞ ልክ በፍልሰታ መቅላት ይጀምራል፤ ለጾመኛ ቤት የቲማቲም ፍትፍት፣ ላልጾመውም ስልስ። ልጁ የራሱን ቲማቲም ለቅሞ በቃሪያና በሽንኩርት ሲከተፍለት እንጀራ አልፈልግም የሚል ከሆነ ንገሩኝ።

ከዚያ በኋላ ዓይናችሁ ከሰማይ አይነቀል። ዝናቡ ሲመለስ «ሌት ብላይት» የሚባለው በሽታ ይመጣል። በ1845 በአየርላንድ ድንቹን ጨርሶ ያን ትልቅ ረሀብ ያመጣው ይኸው ነው፤ ቲማቲምንም ያው ያደርገዋል። ቅጠሉ ላይ ውሃ ያረጠበው የሚመስል ቡናማ ነጥብ ይወጣል፣ ከዚያ ግንዱ ይጠቁራል፣ በቀናት ውስጥ ሁሉም ያልቃል። ያገኛችሁትን ቅጠል ወዲያው አንስታችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ፤ ብስባሽ ክምር ውስጥ አትክተቱ። ለሚቀጥለው ዓመት ከፈለጋችሁ በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተዳቀለ «ሌጀንድ» የሚባል ዝርያ አለ፤ በሽታውን በመጠኑ ይቋቋማል። ዲተርሚኔት ነው፣ ስለዚህ እሱን አትቀንጥሱ።

ቦታ የለንም ለምትሉ። አምስት ጋሎን ባልዲ ሥሩን ብሱበት፣ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ በረንዳ ላይ አስቀምጡት፣ ሰንጎልድ አንድ ይበቃል። ሌላው መንገድ ፒ-ፓች ነው። የሲያትል ከተማ ይሄን ፕሮግራም የጀመረው በ1973 ሲሆን «ፒ» የምትለዋ ፊደል የመጣችው ከፒካርዶ ቤተሰብ ስም ነው፤ ከጣሊያን የፈለሱ ገበሬዎች ነበሩ፣ የመጀመሪያው የጋራ ጓሮም በሰሜን ሲያትል በእነሱ እርሻ ላይ ነው የተጀመረው። ዛሬ በከተማው ወደ 90 የሚጠጉ ጓሮዎች አሉ። ብዙዎቻችን በምንኖርባቸው በኒው ሆሊ፣ በሬይኒየር ቪስታና በሃይ ፖይንትም አሉ። ተራው አንዳንድ ቦታ ይረዝማልና ለሚቀጥለው ዓመት ዛሬውኑ ተመዝገቡ። ጎመንና ጤና አዳም አጠገብ ለአጠገብ አይታችሁ የማን መደብ እንደሆነ ካወቃችሁ እዚያው አማርኛ የሚያወራ ጎረቤት አገኛችሁ ማለት ነው። ልጁ ከእናንተ ሌላ አማርኛ የሚጠይቀው ሰው ማግኘቱ ራሱ ብዙ ነው።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ተክሉ ላይ የቀረውን ሁሉ ልቀሙ፤ አረንጓዴውንም። ጠንካራውን እንጭጭ ተዉት፤ ነጣ ማለት የጀመረውን ግን ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከአንድ ሙዝ ጋር አስቀምጡት። ሙዙ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጣ ቲማቲሙን ያበስለዋል። ልጁ በየማታው ከረጢቱን ከፍቶ ይቁጠር፦ ስንቱ ቀላ፣ ስንቱ ገና ነው፣ ስንቱ ተበላሸ። ትምህርት ስንጀምር አንድ አንድ ፍሬ ይዘው ይምጡ፤ ከአያት የተማሩትን አንድ ቃልም፣ እኔ እዚህ ያልጻፍኩትን።